6 ሺህ ዋርኒንግ ያለበት ዶክመንቴሽን ወረስኩ፤ ከየት ልጀምር?

ወራሿ (ጥር 4፣ ጠዋት 4፡10)

ሰላም ለዚህ ቤት። አዲስ ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የደመወዝና የሒሳብ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነኝ፤ ሥራዬ የተጠቃሚ መመሪያውን መያዝ ነው። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ሄዳለች። ከእሷ በፊት የነበረውም ሄዷል። ያወረሱኝ አንድ ሪፖ (የፋይሎች ማከማቻ) ነው፦ 430 ገጽ ማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች የሚጻፍ ጽሑፍ)፣ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ አማርኛ፣ ወደ ድረ ገጽ በሚቀይረው በኤምኬዶክስ የሚገነባ።

ዓርብ ዕለት «እስኪ ጉዱን ልየው» ብዬ የማርክዳውን ስህተት የሚለቅመውን ማርክዳውንሊንትን ለቀቅኩበት። 6,214 ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ)። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደገምኩት። ያው 6,214። ከዚያ እንግሊዝኛው ላይ ቬል የሚባለውን የአጻጻፍ ፈታሽ ከጎግል ስታይል (ከጎግል የአጻጻፍ ሕጎች) ጋር ጨመርኩበትና ተርሚናሉ ቢጫ በቢጫ ሆነ። ላፕቶፑን ዘግቼ ታክሲ ያዝኩ።

የጨነቀኝ ዋርኒንጉ ብቻ አይደለም። አለቃዬ ቁጥሩን ሲሰማ «በሁለት ሳምንት ዜሮ አድርጊው» አለኝ። ቁጥሩን ለምን ነገርኩት? እንጃ። አሁን ከየት ልጀምር? ወይስ ሁሉንም ትቼ እንደገና ልጻፈው?

ማርክዳውን_ነኝ (ጥር 4፣ 4፡32)

እንደገና መጻፍ የሚባለውን ነገር እርሺው። ስንቱን ሰው በልቷል መሰለሽ።

መጀመሪያ 6,214ቱን በየሕጉ ከፋፍዪው። አብዛኛው ከአንድ ሕግ የመጣ ነው፤ በቡና እንወራረድ። ኤምዲ013 ስንት ነው?

ወራሿ (ጥር 4፣ 4፡41)

4,871። ማኪያቶ ነው ወይስ የጀበና?

ማርክዳውን_ነኝ (ጥር 4፣ 4፡58)

የጀበና።

ኤምዲ013 «መስመሩ ከ80 ፊደል በለጠ» የሚል ሕግ ነው። ማርክዳውንሊንትን ስትጭኚው በርቶ ይመጣል። ለአንባቢሽ ምንም ማለት አይደለም፤ ገጹ ብራውዘር ላይ ሲከፈት መስመሩ እንደሆነ በራሱ ይታጠፋል። አጥፊው። ይኸው በአንድ መስመር ቅንብር 1,343 ቀረሽ።

ቀጥሎ መስመር መጨረሻ ላይ የተረሳ ባዶ ቦታ አለ፣ ኤምዲ009። የተደራረቡ ባዶ መስመሮችም አሉ፣ ኤምዲ012። ለእነዚህ «ፊክስ» የሚለውን አማራጭ ጨምረሽ አስኪጂው፤ ራሱ ይጠርጋቸዋል። ግን ለብቻው አንድ ኮሚት (አንድ ላይ የሚመዘገብ ለውጥ) ይሁን። ከሌላ ለውጥ ጋር ከቀላቀልሽው ሪቪው የሚያደርግልሽ ሰው ይረግምሻል።

እውነተኛው ሥራ ከዚያ የሚተርፈው ነው። ኤምዲ001 የርዕስ ደረጃ ሲዘለል ይናገራል። ኤምዲ040 ቋንቋው ያልተጻፈበት የኮድ ሳጥን ነው። ኤምዲ045 ደግሞ ገላጭ ጽሑፍ የሌለው ምስል፤ ስክሪን ሪደር ለሚጠቀም ሰው ያ ስክሪንሾት ባዶ ግድግዳ ነው። እነዚህን ማሽን አይጠግንልሽም። ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው።

ሊንኩ_ሰባሪ (ጥር 4፣ 5፡15)

ቬል ላይ ግን ተጠንቀቂ። እኔ አንድ ጊዜ የጎግልንም የማይክሮሶፍትንም ስታይል አብሬ ጫንኩ። አንዱ «ይሄ ፓሲቭ (ተገብሮ ግሥ) ነው» ይላል፣ ሌላው «አዎ፣ ፓሲቭ ነው» ይላል። ሁለት አማት ያለኝ መሰለኝ።

ጋሼ_ፍሬምሜከር (ጥር 4፣ ማታ 1፡05)

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ይሄ ሥራ ለሁላችንም እንዲህ ነው የጀመረው።

እኔ እዚህ ቨርጂኒያ ይሄን ሙያ የያዝኩት ፍሬምሜከር በሚባለው የመመሪያ መጻፊያ ፕሮግራም ዘመን ነው። በኋላ ወደ መድካፕ ፍሌር ዞርን። ፍሌር አናላይዘር የሚባል ጓደኛ ፕሮግራም ነበረው። ፕሮጀክቱን ትሰጪዋለሽ፤ የተሰበረ ሊንክ፣ ማንም የማይጠራው ፋይል፣ እዚህም እዚያም የተደጋገመ ጽሑፍ እየለቀመ ይዘረዝርልሻል። በጣም ወደድኩት። መውደዴ ነው ጉድ የሠራኝ።

አንድ ቀን «ማንም የማይጠራቸው» የሚለውን ዝርዝር አወጣሁ። ሰማንያ ምናምን ገጽ። በአንድ ከሰዓት ጠራርጌ ሰረዝኳቸው። ሪፖርቱ እንደ መስታወት ጠራ። አዲሱ ቨርዥን በወጣ ማግስት ስልኩ አላርፍ አለ። ለካ ገጾቹን የሚጠራቸው መመሪያው ሳይሆን ሶፍትዌሩ ራሱ ነው። ተጠቃሚው የእርዳታ ቁልፉን ኤፍ1ን ሲጫን በፋይል ስማቸው ቀጥታ ይከፍታቸው ነበር። ፕሮግራሙ አልዋሸኝም። እሱ የሚያየው ግቢ ውስጥ ያለውን ነው። ከውጭ ማን በሩን እንደሚያንኳኳ በምን ያውቃል?

ለአለቃሽ ዜሮ ቃል አትግቢለት። «ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ስህተት አይገባም» በዪው። የድሮውን ቀስ እያልሽ ትለቅሚዋለሽ። ይሄንን ማንም አለቃ ይገባዋል።

ዴቭኦፕስ_በርሊን (ጥር 4፣ ማታ 2፡40)

ጋሼ ያሉትን ሲአይ (ለውጥ ሲመጣ በራሱ የሚፈትሽ ሥርዓት) ላይ እሰሪው። ሊንተሩ (ስህተት ለቃሚው) በፑል ሪኩዌስቱ (ይግባልኝ ተብሎ በቀረበው ለውጥ) የተነኩትን ፋይሎች ብቻ ይፈትሽ። አንድ ገጽ ሊነካ የገባ ሰው ያንን ገጽ አጽድቶ ይወጣል፤ ያልተነካው ተራውን ይጠብቃል። እኛ ጋ በስምንት ወር ውስጥ ብዙ ሰው የሚያነባቸው ገጾች ሳናስበው ጸዱ። ለምን? ብዙ የሚነበበው ብዙ ስለሚነካ ነው።

ኤምኬዶክስን ደግሞ «ስትሪክት» በሚለው አማራጭ ገንቢው። ያኔ እያንዳንዱ ዋርኒንግ ቢልዱን (ግንባታውን) ይጥለዋል። ስፊንክስ የሚባለውን ሌላ የመመሪያ መገንቢያ የምትጠቀሙ ካላችሁ እዚያም ተመሳሳይ አማራጭ አለ፤ በተጨማሪ በየትኛውም ማውጫ ውስጥ ያልገባ ገጽ ሲያገኝ ስሙን ጠርቶ ይነግራችኋል።

ሊንክ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የውስጥና የውጭ ሊንክን በአንድ ገመድ አትሰሪ። የውስጡ በእያንዳንዱ ፑል ሪኩዌስት ይፈተሽ፤ ፈጣን ነው፣ ከተሰበረም ጥፋቱ የእናንተው ነው። የውጩን ግን በሳምንት አንዴ ለብቻው አስኪጂ። እኛ ሊቼ የሚባለውን ሊንክ ፈታሽ ነው የምንጠቀመው፤ በራስት ቋንቋ የተጻፈ፣ ፈጣን። ፍጥነቱ ግን ራሱ ጣጣ አለው። አንድ ሳይት ላይ ሁለት መቶ ሊንክ ካለሽ በአንዴ ያጣድፈዋል፣ ሳይቱም 429 ብሎ ይመልሳል። «ጥያቄ አበዛችሁ፣ ቀስ በሉ» ማለት ነው። ሊንኩ አልተሰበረም። እሱ ባመጣው ቀይ ምልክት የፊደል ስህተት ሊያርም የገባው ልጅ ከታገደ፣ ያ ልጅ ሁለተኛ ዶክ አይነካም።

አዎ፣ ሎካልሆስት (የራስ ኮምፒውተር አድራሻ) የሚሉትን ምሳሌዎች ከፍተሻው ማውጣት አትርሺ። እኔ ረስቼ አንድ ጠዋት ሙሉ ፈጅቶብኛል።

ፊደል_ቆጣሪ (ጥር 5፣ ጠዋት 3፡20)

ስለ አማርኛው ግማሽ ማንም አላነሳም። እነዚህ መሣሪያዎች የተሠሩት እንግሊዝኛን አስበው ነው፤ ያ ማለት ግን ለእኛ አይሆኑም ማለት አይደለም። ቬል ላይ የራስሽን ሕግ መጻፍ ትችያለሽ፤ ትንሽ የያምል (የቅንብር ጽሑፍ) ፋይል ናት።

የእኔ የመጀመሪያ ሕግ አራት ነጥብ ነበር። ትክክለኛው «።» አንድ ምልክት ነው። ግማሹ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትቶ «፡፡» ይጽፋል። ለዓይን አንድ ይመስላሉ። ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መስመር መጨረሻ ላይ አንዱ «፡» ከዚህ፣ አንዱ «፡» ከታች ሲቀር ታዪዋለሽ። እናም «፡፡»ን ካገኘህ «።» አድርገው የሚል ሕግ ጻፍኩ፣ አስኬድኩት፣ ምንም አላገኘም። ዜሮ። ፋይሉን በዓይኔ እያየሁት ሞልቶበታል!

ግማሽ ቀን ከተናደድኩ በኋላ ምክንያቱ ተገለጠልኝ። ቬል የምትሰጪውን ነገር እንደ ቃል ነው የሚወስደው፤ ከግራና ከቀኝ የቃል ድንበር ይፈልጋል። ከ«፡፡» በኋላ ባዶ ቦታ ነው ያለው። ሥርዓተ ነጥብና ባዶ ቦታ መካከል የቃል ድንበር የለም። ሕጉ ላይ ኖንወርድ የሚባለውን ቅንብር እውነት ስታደርጊው ድንበሩን መፈለግ ይተዋል። እንደዚያ ሳደርግ ከሁለት ሺህ በላይ አወጣልኝ። በሕይወቴ በስህተት ብዛት እንዲህ ተደስቼ አላውቅም።

ያው ቅንብር ለቃላትም ያስፈልግሻል። «ሂሳብ»ን አግኝ ብትዪው ራቁቱን የቆመውን «ሂሳብ» ብቻ ያገኛል። «የሂሳቡን»፣ «ከሂሳባቸው»፣ «ለሂሳብ» ሁሉ ያመልጡታል። የእኛ ቃል ብቻውን አይሄድም፤ ሁልጊዜ ከፊትም ከኋላም አጃቢ አለው።

ሊንኩ_ሰባሪ (ጥር 5፣ 3፡44)

«ሂሳብ» ቢሆን «ሒሳብ» ቢሆን ማን ይሞታል? ሀ፣ ሐ፣ ኀ እያሉ መጨቃጨቅ የሰዋስው መምህራን ሥራ ነው። ተጠቃሚው ይገባዋል።

ፊደል_ቆጣሪ (ጥር 5፣ 3፡59)

ይገባዋል። የፍለጋ ሳጥኑ ግን አይገባውም። ወራሿ፣ አሁኑኑ መመሪያው ላይ «ሒሳብ መዝጋት» ብለሽ ፈልጊ። ከዚያ «ሂሳብ መዝጋት» በዪ።

ወራሿ (ጥር 5፣ 4፡06)

በ«ሒ» 3 ገጽ። በ«ሂ» 19 ገጽ። አንድም የሚገናኝ ገጽ የለም። 😳

ሊንኩ_ሰባሪ (ጥር 5፣ 4፡09)

እሺ ተሸንፌያለሁ።

ጋሼ_ፍሬምሜከር (ጥር 5፣ ማታ 1፡30)

አንዱን ምረጪና ያዢ። የትኛው ትክክል ነው ብለሽ ሸንጎ አትጥሪ፤ ከጠራሽ ፋሲካ ድረስ አያልቅም። ዋናው ፕሮግራሙ ስክሪን ላይ የተጻፈው ነው። በተኑ «ሒሳብ» ካለ መመሪያውም «ሒሳብ» ይበል።

ወራሿ (ጥር 8፣ ጠዋት 5፡25)

ሪፖርት። ኤምዲ013 ጠፋ። ባዶ ቦታዎቹ ተጠረጉ። ኤምዲ001ን በእጄ ጨረስኩ፤ 64 ገጽ ነበር። ስትሪክት በርቷል፣ የውስጥ ሊንክ ሁሉ አረንጓዴ። አለቃዬ የጋሼን አባባል ወደደው፣ የራሱ አስመስሎ ስብሰባ ላይ ተናገረው።

አሁን ግን የማይገባኝ ነገር መጣ። ከደንበኛ አገልግሎት ስክሪንሾት ተላከልኝ። አንድ ተጠቃሚ «የይለፍ ቃል መቀየር» የሚለው ጎን ያለችውን የጥያቄ ምልክት ይጫናል። የሚከፈትለት «መለያ መዝጋት» ነው። ሰውየው ደንግጦ ደውሏል፤ የይለፍ ቃሌን ስለረሳሁ ልታባርሩኝ ነው ወይ እያለ።

ሊንኩ አልተሰበረም። ፈታሹ አረንጓዴ ነው። ገጹም ትክክለኛው ገጽ ነው። የሚያርፈው ግን የተሳሳተው ርዕስ ላይ ነው።

ዴቭኦፕስ_በርሊን (ጥር 8፣ 5፡40)

አፕሊኬሽኑ የሚከፍተው አድራሻ መጨረሻው ላይ ምን ይላል?

ወራሿ (ጥር 8፣ 5፡43)

#_4

ዴቭኦፕስ_በርሊን (ጥር 8፣ 6፡02)

ጠረጠርኩ። ይሄ ብዙ ሰው የሚያሳብድ ነገር ነው።

ኤምኬዶክስ ለእያንዳንዱ ርዕስ መለያ (የተጠቃሚውን ሳይሆን አድራሻው ላይ ከ# በኋላ የሚገባውን) የሚሠራው ከርዕሱ ጽሑፍ ነው። እንግሊዝኛ ከሆነ ቃላቱን በሰረዝ ያያይዛቸዋል። ከሥር የሚሠራው ፓይተን ማርክዳውን የሚባለው ፕሮግራም ግን፣ ካልነገርሽው በቀር፣ ከላቲን ፊደል ውጭ ያለውን ሁሉ ይጥላል። የአማርኛ ርዕስ ሲመጣ ጥሎ ጥሎ ምንም አይተርፈውም። ባዶ መለያ መስጠት ስለማይችል በቁጥር ይሞላዋል፦ #_1፣ #_2፣ #_3 እያለ፣ በተራ።

ያ ገጽ ላይ በቅርቡ የነካሽው ነገር አለ?

ወራሿ (ጥር 8፣ 6፡10)

ወይኔ።

ኤምዲ001ን ስጠግን ሥሩ ምንም ያልተጻፈበት ንዑስ ርዕስ አገኘሁና አነሳሁት። ከ«የይለፍ ቃል መቀየር» በላይ ነበር። የይለፍ ቃሉ ከ4 ወደ 3 ከፍ አለ፣ «መለያ መዝጋት» ደግሞ 4 ላይ ተቀመጠ። #_4 አሁንም አለ፣ ስለዚህ ምንም ነገር አልጮኸም። ራሴ ነኝ የሰበርኩት። ለዚያውም ስጠግን።

ጋሼ_ፍሬምሜከር (ጥር 8፣ ማታ 1፡15)

እንኳን ወደ ማኅበሩ በደህና መጣሽ ልጄ። የእኔ ሰማንያ ገጽ ነበር።

ማርክዳውን_ነኝ (ጥር 8፣ ማታ 1፡30)

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱን ግን አልመክርም። የመለያ አሠራሩን ዩኒኮድ (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል) እንዲቀበል በቅንብር መቀየር ይቻላል። ያኔ አማርኛው እንዳለ ይገባል። ችግሩ አድራሻው ቻት ላይ ሲለጠፍ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው፤ አድራሻ ውስጥ በፐርሰንት ምልክት ሲጻፍ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። አሥር ፊደል ያለው ርዕስ ዘጠና ምልክት። ቴሌግራም ላይ ሲላክ የቫይረስ ሊንክ ይመስላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ርዕሱን ባረምሽው ቁጥር መለያውም ይቀየራል።

የምመክርሽ ለእያንዳንዱ ርዕስ በእጅ ቋሚ መለያ መስጠት ነው። አትሪቢዩት ሊስት የሚባለውን ኤክስቴንሽን አብሪ፤ ከርዕሱ ጎን በጠምዛዛ ቅንፍ ውስጥ አጭር የእንግሊዝኛ ፊደል መለያ ትጽፊለታለሽ። ከዚያ በኋላ ርዕሱን እንደፈለግሽ አርሚው፣ ከላይ ወደ ታች አውርጂው። መለያው አይነቃነቅም። አሰልቺ ሥራ ነው። አፕሊኬሽኑ ከሚጠራቸው ጀምሪ።

ወራሿ (ጥር 10፣ ከሰዓት 9፡50)

ፕሮግራመሮቹ ጋ ሄጄ ኮዱ ውስጥ ስንት የእርዳታ ሊንክ እንዳለ ጠየቅኩ። መጀመሪያ «አምስት ስድስት ቢሆን ነው» አሉ። ፈልገን 37 አገኘን። 22ቱ በአንደርስኮርና በቁጥር የሚያልቁ።

37ቱንም አንድ ፋይል ውስጥ ዘረዘርናቸው፣ እያንዳንዱ ሊያርፍበት ከሚገባው ርዕስ ጋር። አንዱ ልጅ ሠላሳ መስመር የማትሞላ የፓይተን ስክሪፕት ጻፈልኝ። ገጹ ከተገነባ በኋላ ትገባና «ይሄ መለያ አለ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ሥሩ ያለው ርዕስ የተባለው ነው ወይ?» ብላ ታያለች። ካልሆነ ቢልዱ ይወድቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስናስኬዳት 9 ቦታ ጮኸች። ሁለቱ እኔ ከመምጣቴ በፊት የተሰበሩ ናቸው፤ ማንም ደውሎ አያውቅም።

ከጥምቀት በኋላ እቀጥላለሁ። ለሁላችሁም መልካም በዓል!

ፊደል_ቆጣሪ (ጥር 13፣ ጠዋት 4፡00)

እንኳን አደረሳችሁ። አንድ ጥያቄ ለቤቱ። የተሳሳተ ፊደልና የተሰበረ ሊንክ እንግዲህ ይገኛል። ያረጀ ገጽ በምን ይገኛል? ሜኑው ተቀይሯል፣ ስክሪንሾቱ የሦስት ዓመት ነው፣ ግን ሰዋስዉ ንጹሕ፣ ሊንኩም የሚሠራ።

ዴቭኦፕስ_በርሊን (ጥር 13፣ 4፡35)

የኮድ ምሳሌ ከሆነ ማስኬድ ነው። ፓይተን ዶክቴስት የሚባል ነገር አብሮት ይመጣል፤ ምሳሌውን ከመመሪያው ውስጥ አውጥቶ ያስኬድና የተጻፈውን ውጤት ከመጣው ጋር ያስተያያል። ስክሪንሾት ላይ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ የሚያረካ ነገር አላገኘሁም። እኛ በተቻለ መጠን ቀነስናቸው። «አስቀምጥ» የሚል በተን የት እንዳለ ለማሳየት ፎቶ አያስፈልግም።

ወራሿ (ጥር 27፣ ጠዋት 3፡30)

የመጨረሻ ሪፖርት፣ ቃል በገባሁት መሠረት። ከ6,214 አሁን 212 ቀርቷል፤ አብዛኛው ገላጭ ጽሑፍ የሌለው ምስል ነው፣ በቀን አሥር አሥር እየጻፍኩ ነው። «ሂሳብ» ሁሉ «ሒሳብ» ሆኗል። የአማርኛ ርዕሶቹ ግማሹ ቋሚ መለያ አግኝተዋል።

ያረጁትን በተመለከተ የጉብኝት ቁጥር አየሁ። ላለፉት ስድስት ወራት ማንም ያልከፈታቸው 11 ገጾች ነበሩ። የጋሼን ታሪክ አልረሳሁም፤ ከ37ቱ ሊንኮች አንዱም አይጠራቸውም፣ አረጋግጫለሁ። ሪዳይሬክት አድርጌ (አድራሻቸውን ወደ ሌላ ገጽ አዙሬ) ሰረዝኳቸው። እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም።

ጋሼ_ፍሬምሜከር (ጥር 27፣ ማታ 1፡10)

ጎበዝ። አንድ ነገር ብቻ። የሒሳብ ሶፍትዌር ነው ብለሽኛል አይደል? ከ11ዱ ውስጥ የበጀት ዓመት መዝጊያ የሚመለከት ገጽ አለ?

ወራሿ (ጥር 27፣ ማታ 1፡22)

...ሦስት አለ።

ጋሼ_ፍሬምሜከር (ጥር 27፣ ማታ 1፡25)

ስድስት ወር ወደ ኋላ ብትቆጥሪ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው የምትደርሺው። ሰኔ 30 አልገባልሽም።

ወራሿ (ጥር 27፣ ማታ 1፡31)

የድሮውን ቅጂ ሁሉ የሚያስቀምጠው ጊት ይባረክ። እየመለስኳቸው ነው።